ድንጋዩን ሳትፈትን አታብርር

ልጄ፣ ሞዴል አውሮፕላን የሚወድ ሰው አንድ ቀን አሮጌ ሪሞት እጁ መግባቱ አይቀርም። አጎት ከዕቃ ቤት ያወጣለታል፣ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ጋራዥ ሽያጭ ላይ በጥቂት ዶላር ገዝቶ ይልክለታል፣ ወይም ዓይናቸው የደከመ አዛውንት አብራሪ ማብረሩን ሲተዉ ያወርሱታል። ሳጥኑ ንጹሕ ነው፤ ጆይስቲኮቹ ሳይንገጫገጩ ይመላለሳሉ፤ ረጅሙ አንቴና አልተጣመመም። ማብሪያውን ስትገፋው ግን የባትሪው መርፌ ከቦታው አይነሣም። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት መካሪ ይመጣልሃል። አንዱ «ጊዜው አልፎበታል፣ ጣለው» ይላል። ሌላው «አንድ ሌሊት ቻርጅ ላይ አሳድረው፣ ይነሣል» ይላል። ሁለቱንም አትስማቸው። ሪሞቱ የሚጣል ዕቃ አይደለም፤ ባትሪውም አንድ ሌሊት ቻርጅ ስላደረገ ብቻ የሚታመን አይደለም።

የምመክርህን ከፊት ላስቀምጠው። አሮጌ ባትሪ መቀስቀስ ይቻላል፣ መቀስቀሱም ይጠቅማል፤ የምትቀሰቅሰው ግን ያለበትን ሁኔታ ለማወቅ ነው። አውሮፕላን ይዘህ ወደ ሜዳ ለመውጣት የሚያበቃህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባትሪው ጭነት ተሸክሞ ስንት ሰዓት እንደቆየ የሚያሳይ፣ አንተው በእጅህ የለካኸው ቁጥር። ቁጥሩ ከሌለህ ወይም ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ለውጠው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሪሞቱ በበረራ መሐል ሲጠፋ ሦስት ኪሎ የሚመዝን፣ ፊቱ ላይ የሚሽከረከር ምላጭ የተገጠመለት አውሮፕላን ያለ ነጂ ይቀራል። የት እንደሚወድቅ የሚመርጥለት ሰው የለም። ከሜዳው ዳር ደግሞ ልጅ አቅፈው የሚያዩ ሰዎች ይኖራሉ።

ወደ ባትሪው ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ጠይቅ። የድሮዎቹ ሪሞቶች የሚሠሩት በሜጋኸርዝ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 72 ሜጋኸርዝ ለአውሮፕላን፣ 75 ሜጋኸርዝ ለመኪናና ለጀልባ ሞዴሎች የተመደበ ነው። አዲሶቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጡት፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ይጠቀማሉ። (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በምትኖርበት አገር የእጅህ ሪሞት ሞገድ የተፈቀደ መሆኑን ሳታጣራ ለባትሪ ገንዘብ አታውጣ። በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ከከፈተ ሁለቱም አውሮፕላኖች ሊወድቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ክበብ ካለ ቻናልህን አስመዝግበህ ነው የምትከፍተው።

አሁን ክዳኑን ክፈት። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ድንጋይ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ታገኛለህ። እነዚህ ኒኬል ካድሚየም ይባላሉ፤ ዓይነቱን በ1899 የፈለሰፈው ቫልደማር ዩንግነር የተባለ ስዊድናዊ ነው። አንዱ ድንጋይ 1.2 ቮልት ይሰጣል፤ ስምንቱ በተርታ ሲያያዙ 9.6 ቮልት ይሆናሉ። ላዩ ላይ 500 ወይም 600 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ታነባለህ። 600 ማለት 200 ሚሊ አምፔር የሚስብ ሪሞት ሦስት ሰዓት ያህል ያሠራል ማለት ነው። የሜጋኸርዝ ሪሞቶች አንቴናቸው ተዘርግቶ የሚስቡት እዚያው አካባቢ ስለሆነ ይህን ሂሳብ በልብህ ያዘው፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከመንቀልህ በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮምፒውተር ያላቸው አንዳንድ የቀድሞ ሪሞቶች የእያንዳንዱን አውሮፕላን ማስተካከያ የሚይዙት በዋናው ባትሪ ወይም ቦርዱ ላይ በተቀመጠች ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ነው። ትንሿ ከደከመች ዋናውን ስትነቅል የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ሪሞቱ የሚበራ ከሆነ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጥ። የቀድሞው ባለቤት በብዙ በረራ ያገኘው ማስተካከያ እዚያ ውስጥ አለ፤ የሰው ድካም በከንቱ አይጥፋ።

ቀጥሎ በዓይንህ መርምር። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየህ ድንጋዩ ተፍቷል ማለት ነው። ከውስጡ የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ቆዳ የሚበላ ፈሳሽ ነው፤ አየር ሲያገኘው ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ጓንትና መነጽር ሳታደርግ አትንካው። የተፋ ባትሪ አይነቃም፤ አውጥተህ ለብቻው አስቀምጠው። የሪሞቱን መያዣና ስፕሪንግ ግን ማዳን ትችላለህ። በጥርስ ብሩሽ ጥቂት አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ አስነክተህ እሸው፤ አሲዱ ዱቄቱን ያረክሰዋል። ከዚያ በአልኮል አጥበህ በደንብ አድርቀው። ቦርዱ ላይ ፈስሶ የመዳብ መስመሮቹን ከበላ ግን የሚያውቅ ሰው ይየው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ጥቁሩን ሽቦ ነው። ከባትሪው ነጌቲቭ የሚወጣውን ሽቦ ጫፉን ጥቂት ላጥ አድርገህ እይ። ጤነኛ መዳብ ቀይ ነው፣ ያበራል። ኒኬል ካድሚየም ለዓመታት ተሰክቶ የቆየበት ሽቦ ግን ከፕላስቲኩ ውስጥ ጠቁሮ፣ ተሰባሪ ሆኖ ይገኛል፤ ሶልደርም አይቀበልም። ጥቁረቱ ከባትሪው ተነሥቶ በሽቦው ውስጥ እየሄደ እስከ ማብሪያው ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ሽቦ ቴስተር ላይ ሙሉ ቮልት ያሳይና ጭነት ሲመጣበት ይከዳል። አዲስ ባትሪ ገዝተህ ከጠቆረ ሽቦ ጋር ብታያይዘው ገንዘብህን ከሰርክ። የሚያበራ መዳብ እስክታገኝ ቁረጥ፤ ካላገኘህ ሽቦውን እስከ መሠረቱ ለውጥ።

ባትሪው ካልተፋና ካላበጠ እንቀስቅሰው። እዚህ ላይ የማስጠነቅቅህ ስለ ችኮላ ነው። ለዓመታት የተኛ ባትሪ በፈጣን ቻርጀር አይነቃም። ስምንቱ ድንጋዮች እኩል አልተዳከሙም፤ አንዱ ግማሹን ይዟል፣ ሌላው ባዶ ነው። ኃይለኛ ቻርጅ ስትለቅበት ቀድሞ የሞላው ይግላል፣ ግፊት ያበዛል፣ ይተፋል። ዘገምተኛ ቻርጅ ግን ጊዜ ይሰጣቸዋል። የሞላው ድንጋይ በትርፉ ጉልበት ኦክሲጅን ያመነጫል፤ ኦክሲጅኑ እዚያው ውስጥ ካድሚየሙ ላይ ተመልሶ ይዋሐዳል፤ በዚህ መሐል ወደ ኋላ የቀረው ይደርስበታል። መጠኑ ላዩ ላይ ከተጻፈው አንድ አሥረኛ ነው፤ ለ600 ባትሪ 60 ሚሊ አምፔር፣ ከ14 እስከ 16 ሰዓት። ሪሞቱ ጋር የመጣው የግድግዳ ቻርጀር የተሠራው ለዚሁ ነው። የራሱ ቻርጀር ጠፍቶ የሌላ ካገኘህ ግን ከመሰካትህ በፊት የጃኩን ፕላስና ማይነስ በቴስተር አረጋግጥ፤ የመሐሉ ፒን በአንዱ ፋብሪካ ፕላስ፣ በሌላው ማይነስ ነው። ማብቂያው ላይ ባትሪው ለብ ቢል ጤና ነው። በእጅህ ይዘህ መታገሥ እስኪያቅትህ ከጋለ ንቀለው።

ቻርጁ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ የእያንዳንዱን ድንጋይ ቮልት ለካ። ሰባቱ 1.3 ወይም 1.4 እያሳዩ አንዱ ዜሮ ላይ ከቆመ እሱ ውስጡ ሾርት ሆኗል። የካድሚየም ክሪስታል እንደ ቀጭን እሾህ እያደገ ሁለቱን ገጽ የሚለያየውን ስስ ጨርቅ በስቶ ነው። በሌላ በኩል አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ 1.6 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ውስጡ ደርቋል።

ሾርት የሆነውን ድንጋይ በመኪና ባትሪ ወይም በትልቅ ካፓሲተር «መትተው» የሚያስነሡ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፣ ድንገተኛው ኃይል እሾሁን ያቃጥለዋል፤ ድንጋዩም ቮልት ያሳያል። ነገር ግን የተበሳው ጨርቅ ተበስቶ ይቀራል፤ ክሪስታሉም በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ያድጋል። በዚያ ላይ ድንጋዩ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አታድርገው። የሚያደርግልህ ባለሙያ ቢገኝ እንኳ በዚያ ባትሪ አውሮፕላን አታንሣ።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች የደከመ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን የማታ ዜና ሰምተንበታል። ሠርቶልናል፣ አልክድም። ያ ድንጋይ ግን የዚንክና የካርቦን ነበር፤ ሙቀትና ዕረፍት የቀረችውን ጥቂት ጉልበት ያወጡለታል። ኒኬል ካድሚየም ሌላ ነው። ሙቀት የመለያ ጨርቁን ያስረጀዋል፣ የያዘውንም ቻርጅ ቶሎ ያፈስበታል። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ መኪና ውስጥም ትተኸው አትሂድ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ፈተናው። ቻርጅ ጨርሶ የተነቀለ ባትሪ ያለ ጭነት ብትለካው 11 ቮልት ገደማ ያሳይሃል። ደስ አይበልህ። ሊሞት ቀናት የቀሩትም ባትሪ ይህንኑ ያሳያል። ቴስተሩ ከባትሪው የሚስበው ኢምንት ስለሆነ የሚነግርህ ነገር የለም። ጭነት ስጠው። 47 ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር ግዛ፤ ርካሽ ነው፣ የትም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አይጠፋም። በ9.6 ቮልት ላይ 200 ሚሊ አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህም ሪሞቱ ራሱ የሚስበው ነው። ስለሚግል በሸክላ ወይም በብረት ላይ አስቀምጠው። ሰዓትህን ያዝ፣ ደብተርህን ክፈት፣ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ቮልቱን ጻፍ።

ጤነኛ ባትሪ ሲጀምር ትንሽ ይወርዳል፣ ከዚያ 10 ቮልት አካባቢ ረግቶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ በፍጥነት ይንሸራተታል። 8 ቮልት ሲደርስ አቁም፤ ለአንድ ድንጋይ 1 ቮልት ማለት ነው። ሰዓቱን ቁጠር። ባለ 600ው ሙሉ ከሆነ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያበቃል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ካልደረሰ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ ከአንድ በላይ አጥቷል። የእኔ መስመር እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች የሆነውን ለአውሮፕላን አልጠቀምበትም፣ አንተም አትጠቀምበት።

ከሰዓቱ ይልቅ ግን አወራረዱን አስተውል። ቮልቱ ረግቶ ሳለ ድንገት በ1 ቮልት ወይም በ1.2 ቮልት ደረጃ ወርዶ እንደገና ከረጋ፣ ያ የስምንቱ ጥቅል መድከም አይደለም፤ አንድ ድንጋይ ባዶ ሆኗል። ቃሬዛ ለስምንት ሆነው ከሚሸከሙት አንዱ ጉልበቱ ሲከዳው ሌሎቹ ሰባቱ እሱንም እየጎተቱ እንደሚሄዱት፣ ሰባቱ ድንጋዮች ጅረቱን በባዶው ውስጥ በግድ ያሳልፉበታል። ፕላሱ ማይነስ ይሆናል፤ ድንጋዩ ይገለበጣል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ዳግመኛ ላይድን ይችላል። ስለዚህ ያንን ደረጃ ባየህ ቅጽበት ጭነቱን አላቅቅ። ባትሪን አምፖል ላይ አስሮ ሌሊቱን ሙሉ «ጨርሶ ማራገፍ» የሚሉት ልማድ የሚያጠፋው በዚህ መንገድ ነው፤ ጠዋት ላይ ጤነኛ የነበረውም ድንጋይ ተገልብጦ ይገኛል።

ይህን ቻርጅና ፈተና ሦስት ጊዜ መላልሰው። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ሦስተኛው ሰዓቱ እየረዘመ ከሄደ ባትሪው ተኝቶ ነበር እንጂ አልሞተም። ሰዎች «ሜሞሪ» የሚሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ለሳምንታት ከግድግዳ ቻርጀር ሳይነቀል ቆይቶ በውስጡ ክሪስታሉ ስለተለወጠ ቮልቱ ቀድሞ ይወርዳል፣ እስከ 8 ቮልት ማራገፍና ሙሉ መሙላት ሲደረግለት ይመለሳል። ሦስተኛው ላይ ካልተሻለው አራተኛው አያድነውም።

ያለፈ ባትሪም አንድ ፈተና ይቀረዋል። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ለአንድ ሳምንት ሳትነካው ተወው፤ ከዚያ በዚያው ሬዚስተር አራግፈው። ኒኬል ካድሚየም በመጀመሪያው ቀን ከያዘው አሥር በመቶ ያህል ያፈሳል፤ ከዚያ ወዲያ ፍሰቱ ቀስ ይላል። በሳምንቱ ግማሹ ጠፍቶ ካገኘኸው የመለያ ጨርቁ እየተበላ ነው። ዓርብ ሞልተኸው ቅዳሜ ብታበር ይሠራል፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ቅዳሜ ዝናብ ዘንቦ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትወጣ ሞልቻለሁ ብለህ ትነሣለህ።

ልጄ፣ በእነዚህ ሁሉ ያለፈ አሮጌ ባትሪ እምብዛም አታገኝም። ኒኬል ካድሚየም በደንብ ተይዞ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ካገለገለ ዕድሜውን ጨርሷል። ላዩ ላይ ያለው የፋብሪካ ቀን ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነ ፈተናውን ለትምህርትህ አድርገው፤ ለበረራ ግን አዲስ ግዛ። አንዱ ድንጋይ ብቻ ሞቶ ሰባቱ ደህና ቢሆኑም አንዷን አዲስ ቀይረህ አታስገባ። አዲሷና አሮጌዎቹ እኩል ስለማይሞሉና እኩል ስለማያልቁ ቀድሞ የሚያልቀው አሁንም እየተገለበጠ ይሄዳል።

ምን ይተካው? እኔ የምመርጥልህ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፤ በተለይ ቻርጁን ለረጅም ጊዜ የሚያቆየው ዓይነት። ሳንዮ በ2005 ኤኔሉፕ ብሎ ያወጣው የዚህ ዓይነት ነው፤ ዛሬ ፓናሶኒክ ይሸጠዋል፣ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። አንዱ ድንጋይ ያው 1.2 ቮልት ስለሆነ ስምንቱ 9.6 ይሰጣሉ፤ የሪሞቱ መርፌም ማስጠንቀቂያውም ሳይስተካከል በትክክል ይሠራል። ጉልበቱ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ነው፤ በአሮጌው ሦስት ሰዓት ያበራ ሪሞት በዚህ አሥር ሰዓት ይሄዳል። ስትገዛ ተጠንቀቅ። ሪሞቱ ውስጥ በሚገባ ድንጋይ ላይ 3000 ወይም 4000 ብሎ የጻፈ ሻጭ ውሸት ጽፏል፤ ጥሩ የሚባሉት 2500 እና 2700 አካባቢ ላይ ያቆማሉ። በሚዛን ላይ አስቀምጣት፤ እውነተኛዋ ባለ 2000 ድንጋይ ከ25 ግራም በላይ ትመዝናለች።

በአዲሱ ባትሪ ላይ የድሮውን የግድግዳ ቻርጀር ስትሰካ ሂሳቡን አትርሳ። በ60 ሚሊ አምፔር 2000ውን ለመሙላት ወደ ሁለት ቀን ይፈጃል። ብዙ ሰው እንደ ልማዱ ማታ ሰክቶ ጠዋት ነቅሎ ይወጣል፤ ባትሪው ግን ግማሹን እንኳ አልያዘም። ለአዲሱ ባትሪ የሚመጥን ቻርጀር ግዛ፤ 200 ሚሊ አምፔር በቂ ነው። ቻርጅ ስታደርግ ባትሪውን ከሪሞቱ አውጣው። በብዙ ሪሞቶች ውስጥ የቻርጅ ጃኩ ዳዮድ አለበት፤ ዘመናዊ ቻርጀር በዳዮድ በኩል የባትሪውን ቮልት ማንበብ ስለማይችል ወይ እምቢ ይላል ወይ መቼ መቆም እንዳለበት ይስታል።

ስምንት ድንጋይ የሚያስገቡበት ባለ ስፕሪንግ መያዣ ርካሽና ምቹ ነው። ለጀልባና ለመኪና ይሁንልህ። ለአውሮፕላን ግን የተበየደ ጥቅል እመርጣለሁ፤ ስፕሪንጉ ሲዝግ ወይም ሪሞቱ ሲንቀጠቀጥ ለቅጽበት የሚቋረጥ ግንኙነት ኮምፒውተር ያለውን ሪሞት ከሥር ያስጀምረዋል። ራስህ ልትሠራው ከፈለግህ ፋብሪካ ላይ የብረት ጆሮ የተበየደላቸውን ድንጋዮች ግዛና ሶልደሩን ጆሮው ላይ አድርግ። የድንጋዩን አናት በቀጥታ አታግለው፤ ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ማሸጊያና የግፊት ማስተንፈሻ ይጎዳል።

ሊቲየምን በተመለከተ የሚሉህን ሁሉ አትከተል። ባለ ሦስት ሴል ሊፖ ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው፤ ለ9.6 የተሠራ ሪሞት ውስጥ ትርፉ ቮልት ሙቀት ሆኖ ሬጉሌተሩን ያስጨንቀዋል። ባለ ሦስት ሴል ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሲሞላ 10.8፣ ሲሠራ 9.9 ስለሆነ በቮልት ይስማማል፤ ነገር ግን ከሥራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቮልቱ ሳይነቃነቅ ቆይቶ ድንገት ስለሚወድቅ የሪሞቱ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ጊዜ አልፏል። ከሁሉ በላይ የኒኬል ቻርጀር ለሊቲየም እሳት ነው፤ የት መቆም እንዳለበት አያውቅም። ሪሞትህ መመሪያው ላይ ሊቲየም ካልፈቀደ ኒኬሉን ያዝ።

አዲሱን ካስገባህ በኋላ ባትሪው ላይ ቀኑን ጻፍ፤ ያንኑ የሬዚስተር ፈተና አድርገህ የመጀመሪያውን ቁጥር ደብተር ላይ አስፍር። በዓመት አንድ ጊዜ መላልሰው፤ ከመጀመሪያው ቁጥር ከአምስት እጅ አንዱ ሲጎድል ለውጠው። ለመጀመሪያ በረራ ከመነሣትህ በፊት አንቴናውን ሰብስበህ ከአውሮፕላኑ ሠላሳ ሜትር ያህል ራቅ፤ ክንፎቹ ያለ መንቀጥቀጥ መታዘዛቸውን ጓደኛህ ይይልህ። ሞተሩ ጠፍቶም፣ ተነሥቶም ሞክረው። ማስጠንቀቂያው አየር ላይ ሳለህ ከጮኸ «አንድ ዙር ልጨምር» አትበል፤ ኒኬል መጨረሻው ላይ የሚወርደው በደቂቃዎች ነው። አሳርፍ።

የቀረኝ ያወጣኸው አሮጌ ጥቅል ነው። በልጅነታችን ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ሰብረን፣ ጥቁሩን ዱቄት ከቅጠል ጋር ወቅጠን የትምህርት ቤት ሰሌዳ እናጠቁርበት ነበር። ታናናሾችህ ይህንን ድንጋይ እንዲህ እንዳያደርጉት አደራ። በውስጡ ያለው ካድሚየም መርዝ ነው፤ ኩላሊትና አጥንት ይበላል፣ ሰውነት ውስጥ ከገባ ለአሥርተ ዓመታት አይወጣም። ጃፓን ውስጥ በቶያማ፣ በጂንዙ ወንዝ ዳር ከማዕድን ማውጫ የወረደ ካድሚየም በሩዝ ማሳቸው ገብቶ ብዙ ገበሬዎች አጥንታቸው እስኪሰበር ታመሙ፤ መንግሥት የብክለት በሽታ መሆኑን በ1968 አመነ። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው መመሪያ ኒኬል ካድሚየምን ከአብዛኛው የቤት ዕቃ ያስወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥቅሉን አትስበረው፣ ከቆሻሻ ጋር አታቃጥለው፣ ወንዝ ዳር አትጣለው። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍን፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተት፣ «ካድሚየም» ብለህ ጻፍበት። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካለህ የሚሞሉ ባትሪዎችን የሚቀበል ሱቅ ወይም የማዘጋጃ ቤት መሰብሰቢያ አጠገብህ አለ፤ በዚህ ሳምንት አድርስ። የምትኖርበት ከተማ መሰብሰቢያ ከሌለው ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፤ መሰብሰቢያ ወዳለበት አገር የሚሄድ ሰው ስታገኝ ባትሪ በአውሮፕላን መጓዝ የሚችልበትን ደንብ አስቀድመህ ጠይቅና አስረክበው።